ሐተታውን ራሱን ብንሐትተውስ?

ዛሬ ከወትሮው ራቅ ያለ ጉዳይ ይዘን መጥተናል። ራቅ ያለ ያልነው በዘመኑ ነው እንጂ በነገሩስ ከኩልፎ ዳር ብዙም አይርቅም።

አርባ ምንጭ ተምሮ ያለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ሁለት ክርክር አይጠፋም። አንዱ የኳስ ነው፣ ሌላው የሃይማኖት። የኳሱ ቢያንስ ቅዳሜ ሲደርስ ሜዳ ላይ ይፈታል። የሃይማኖቱ ግን መፍቻ የለውም። ኦርቶዶክሱ ጥቅሱን፣ ፕሮቴስታንቱም ጥቅሱን ይዞ ይፋጠጣል፤ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱም ይናገራሉ፣ አንዱም አይሰማም። በዚህ መሀል አንድ ፍልስፍና ቀመስ ልጅ ካልጋው ላይ ቀና ይልና "ይህንን ሁሉ እኮ ዘርዓ ያዕቆብ ከ350 ዓመት በፊት ጨርሶታል" ይላል። ወዲያው ደግሞ ከወዲያኛው አልጋ "እሱን የጻፈው ፈረንጅ ነው ባክህ! አንድ የካቶሊክ መነኩሴ ነው" የሚል ይነሳል። ከዚያ ዝምታ። ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ሁሉም ይተኛል።

እኛ ግን እንቅልፍ እምቢ አለን። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይባል የለ? ጥሩውን ውሃ አርባዎቹ ምንጮች ሰጥተውናል፤ የቀረን ነገሩን ከሥሩ መፈለግ ነው። ፈልገን ስናበቃ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። መጽሐፉን ጻፈ ተብሎ የሚጠረጠረው ሰው የካቶሊክ መነኩሴ ነው። ለጥርጣሬው ምስክር የሆነው ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ካህን ነው። "የለም፣ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ነው" ብሎ ዕድሜውን የሰጠውም የካቶሊክ ቄስ ነው። እንግዲህ ነገሩ "የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ?" ከሚለው ጥያቄ በላይ ነው ማለት ነው። (ለማስታወስ ያህል፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ በአዋጅ ሲዘጋ

ታሪኩ የሚጀምረው ከኢየሱሳውያን ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ቄስ በ1603 ኢትዮጵያ ገባ። ቋንቋ ተምሮ፣ ከሊቃውንት ጋር ተከራክሮ፣ በቤተ መንግሥት ዘንድ ተወዳጅ ሆነ። ኢየሱሳውያን በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ከሚያስተምሩት ሁሉ ጠንካራውን ትምህርት የቀመሱ ነበሩ። ፍልስፍናን ሳይማሩ ነገረ መለኮት አይነካም፤ ክርክር ደግሞ እንደ ዕለት እንጀራቸው ነው። ያኔ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ከእኛ ሊቃውንት ጋር ያደረጉት ሙግት፣ ምንም እንኳ መራራ ቢሆን፣ ቢያንስ ሙግት ነበር።

ችግሩ የመጣው ክርክሩ በአዋጅ ሲተካ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ ተቀበለ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ደግሞ ፓኤዝ ቀስ ብሎ የሄደበትን መንገድ በአንድ ጊዜ ልሩጠው አለ። ጥምቀቱ ይደገም፣ ክህነቱ ይታደስ፣ በዓሉ ይለወጥ ተባለ። አገር ተነሳ፣ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን አባረረ።

የሚገርመው ክርክሩ ከዚያም በኋላ አላቆመም። አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የተባለው ኢየሱሳዊ በ1642 ሕንድ አገር ጎዋ ላይ በግዕዝ ቋንቋ "መቅሠፍተ ሐሳት" የሚል የክርክር መጽሐፍ አሳተመ። መልስ የሚሰጠው ሰው ከባሕር ማዶ ነው፤ በሩም ተዘግቷል። ክርክርን በጉልበት ያስደገፈ ሰው መጨረሻው ብቻውን መናገር ነው።

ሰውዬው ከነመዝሙረ ዳዊቱ

የሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ታሪክ የተቀመጠው ልክ እዚህ ዘመን ላይ ነው። መጽሐፉ እንደሚተርከው ዘርዓ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ተወልዶ፣ ዜማና ቅኔ ተምሮ፣ መጻሕፍትን ሲያስተምር የቆየ ሰው ነው። ሲያስተምር "ፈረንጆች ይህን እንዲህ ይፈቱታል፣ ግብጾች ደግሞ እንዲህ ይፈቱታል" እያለ ሁለቱንም ያቀርባል እንጂ "ይኼኛው እውነት ነው" ብሎ አይፈርድም። ታዲያ ሁለቱም ወገን ጠላው። በንጉሡ ዘንድ ተከሰሰ። እርሱም ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ። ተከዜ አካባቢ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት እዚያ ተቀመጠ።

ዋሻ ውስጥ ምን ሠራ? ጸለየ። ደግሞም ጠየቀ። "የምጸልይለት አምላክ ይሰማኛልን? ሁሉም የእኔ ሃይማኖት እውነት ነው ሲል ዳኛው ማን ሊሆን ነው?" እያለ። የደረሰበት መልስ እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው ልቦና ሰጥቶታል፣ ሰው በዚህ ልቦናው መመርመር ይገባዋል የሚል ነው። በዚህ መለኪያ የምንኩስናን ሕግ፣ የኦሪትን የመርከስ ሕግ፣ በእስልምና ብዙ ሚስት ማግባትንና ባርነትን እያነሳ ይተቻል። ነገር ግን ሰውዬው እምነት የለሽ አይደለም። መዝሙረ ዳዊት ከእጁ አይወጣም። የመረመረው ያመነውን አምላክ ነው፤ ያመነውም በመረመረው ልክ ነው። ኋላ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ተቀመጠ፤ ሂሩት የምትባል ሴት አገባ፤ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት እንዲጽፍ ቢለምነው በ1667 ሐተታውን ጻፈ። ወልደ ሕይወትም በኋላ የራሱን ሐተታ ጨመረ።

እንግዲህ መጽሐፉ ራሱ የሚለን ይህን ነው።

መነኩሴው

አሁን ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወደፊት እንዝለል። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ በ1846 ከአቡነ ማስያስ ተልእኮ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የካፑቺኖችን ስም የእኛ የደቡብ ሰው በሌላ ያውቀዋል፤ በወላይታና በከምባታ በከፈቱት ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ነው። አርባ ምንጭም ዛሬ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አከፋፈል በሶዶ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ሥር ናት። ጁስቶ ግን ወደ ደቡብ አልወረደም። በጌምድር ውስጥ ቤተ ልሔም ከሚባለው የታወቀ የዜማ መንደር ተቀምጦ ከደብተሮች ጋር ግዕዝ ይማር ጀመር። በዚያው ላይ ለፈረንሳዩ ምሁር ለአንቷን ዳባዲ የብራና መጻሕፍት እየሰበሰበ፣ እየገለበጠ ይልክለት ነበር።

በ1852 እና በ1853 መካከል ነው ስለ አንድ እንግዳ መጽሐፍ ለዳባዲ የጻፈው። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ማለት ነው። ቅጂውን ላከለት። በ1855 ጁስቶ ከአገር ተባረረ፣ በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። መጽሐፉ ፓሪስ ቀረ። ሩሲያዊው ቦሪስ ቱራየፍና ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1904 ገደማ ለዓለም አስተዋወቁት፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም "በአፍሪካ እንዲህ ያለ ፈላስፋ ነበረ እንዴ?" ብለው ተደነቁ።

አድናቆቱ ብዙ አልቆየም። በ1920 ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ "የመጽሐፉ ደራሲ ራሱ ጁስቶ ነው" ብሎ ጻፈ። አባ ተክለ ሃይማኖት የተባሉ የዓድዋ ተወላጅ ካቶሊክ ካህን ጁስቶ እንዲህ ያለ መጽሐፍ መጻፉን የሚያመለክት ማስታወሻ ትተው ነበር፤ ኮንቲ ሮሲኒ የተመረኮዘው በእርሱ ላይ ነው። በ1934 ደግሞ ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ጥርጣሬውን አጠናከረው።

እውነት እንናገር ከተባለ ጥርጣሬው መሠረተ ቢስ አይደለም። የታወቁት ሁለቱ የፓሪስ ብራናዎች የመጡት በጁስቶ በኩል ነው። የጁስቶ ዓለማዊ ስሙ ውስጥ "ያኮፖ" የሚል አለበት፤ ያዕቆብ ማለት ነው። የመጽሐፉም አሳብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ከነበረው አሳብ ጋር ይቀራረባል። ጁስቶ ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ጋር በውስጡ ይታገል እንደነበርም ይነገራል።

ሌላው ቄስ

በ1633 ገደማ የተባረሩት ኢየሱሳውያን የተመለሱት በ1945 ነው። ሦስት መቶ ዓመት! ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጠሯቸው የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። የመጡት ለስብከት ሳይሆን ለማስተማር ነው፤ የቄስ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ሱፍና ክራቫት ለብሰው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ያዙ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈትም ፕሬዚዳንቱ ከእነርሱ መካከል ዶክተር ሉሲየን ማት ሆኑ። አባቶቻቸው ንጉሥ ይዘው ያጡትን ቦታ እነዚህ ጠመኔ ይዘው አገኙት።

በ1953 ደግሞ ክላውድ ሰምነር መጡ። በ1919 የተወለዱት እኚህ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ፍልስፍና ሊያስተምሩ ነው የመጡት። ያስተምሩ የነበረው የግሪኩንና የአውሮፓውን ነው። ግን ተማሪዎቻቸው ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ታዲያ "የእናንተስ?" የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አልቀረም። ሰምነርም ጥያቄውን ለሌላ ሰው አልተዉትም። ከ1974 ጀምሮ "የኢትዮጵያ ፍልስፍና" በሚል ርእስ አምስት ቅጽ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተተረጎመው "መጽሐፈ ፈላስፋ" አለበት። "ስክንድስ" አለበት። ስለ እንስሳት ባሕርይ እያነሳ የሚያስተምረው "ፊሳልጎስ" አለበት። በ1976 የወጣው ሁለተኛው ቅጽ ደግሞ ሁለቱን ሐተታዎች የያዘው ነው።

የሰምነር አካሄድ ነው እኛን የማረከን። "ኢትዮጵያ ታላቅ ናት፣ ስለዚህ መጽሐፉ የእርሷ ነው" አላሉም። ቁጭ ብለው ቃል ቆጠሩ። ሐተታው ከመጽሐፍ ቅዱስ የቱን ክፍል ስንት ጊዜ እንደሚጠቅስ መዘገቡ። የጁስቶን ደብዳቤዎች አንብበው አሳቡን ከሐተታው አሳብ ጋር አስተያዩ። የዘርዓ ያዕቆብንና የወልደ ሕይወትን አጻጻፍ አነጻጸሩ። ዘርዓ ያዕቆብ ደፋርና መርማሪ ነው፤ ወልደ ሕይወት ግን ተረትና ምሳሌ የሚወድ፣ ወደ ጥንቱ የጥበብ መጽሐፍ ያዘነበለ አስተማሪ ነው። አንድ የውጭ ሰው በጥቂት ዓመት የግዕዝ ትምህርት ሁለት የተለያዩ ኢትዮጵያውያንን እንዲህ አስመስሎ መፍጠር አይችልም አሉ። ድምዳሜያቸው ይህ ነው፤ ደራሲዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

አስቡት እንግዲህ። ሐተታው "ፈረንጆች" የሚላቸውና የማይምራቸው ወገኖች የሰምነር የገዛ ማኅበራቸው አባቶች ናቸው። ቄሱ ለመጽሐፉ ጥብቅና ሲቆሙ በራሳቸው ማኅበር ታሪክ ላይ የቀረበውን ክስ አብረው ተሸክመው ነው። ከዚህ የበለጠ የምሁር ሐቀኝነት ከወዴት ይገኛል?

ቄስ ለምን ፍልስፍና ይማራል?

"ቄስ ሆኖ ምርመራን የሚያፈቅር እንዴት ያለ ነው?" የሚል ይኖራል። በ2007ቱ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገራችን ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ስለሆኑ አብዛኞቻችን የቤታቸውን ወግ አናውቀውም። በካቶሊክ ሕግ አንድ ሰው ለክህነት ሲዘጋጅ ከሚማራቸው ቢያንስ ስድስት ዓመታት ውስጥ ሁለቱ የፍልስፍና፣ አራቱ የነገረ መለኮት ናቸው። ማለትም የወደፊቱ ቄስ ስለ ሥላሴ በጥልቀት ከመማሩ በፊት ስለ አርስጣጣሊስ መማር አለበት።

ይህ ልማድ ሩቅ ሥር አለው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኲናስ ልቦናም መገለጥም ከአንድ አምላክ የመጡ ናቸው፣ ስለዚህ እውነት ከእውነት ጋር ሊጣላ አይችልም ብሎ አስተማረ። በቀላሉ ተቀባይነት ያገኘ እንዳይመስላችሁ። አኲናስ በሞተ በሦስት ዓመቱ፣ በ1277፣ የፓሪሱ ጳጳስ ካወገዟቸው 219 ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አንዳንዶቹ ከእርሱ ትምህርት ጋር የሚነካኩ ነበሩ። በ1879 ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ የአኲናስን ፍልስፍና የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች መመሪያ አደረጉት። በ1998 ደግሞ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ስለ እምነትና ልቦና ባወጡት መልእክት አንዱ ያለ ሌላው እንደሚጎድል ጻፉ። አንድ ዘመን የተወገዘው በሌላው ዘመን መመሪያ ይሆናል። በዚያው ቤት ውስጥ መጻሕፍት የታገዱበት፣ ጋሊሌዮ የተፈረደበትም ዘመን አለ። ስለዚህ "ፍልስፍናና ነገረ መለኮት በካቶሊክ ቤት ተስማምተው ይኖራሉ" ማለት አንችልም። እየተጣሉም ቢሆን አንድ ጣራ ሥር ቆይተዋል ማለት ግን እንችላለን።

በዚህ ዓይን ስናየው የሐተታው ታሪክ ይለወጣል። ጁስቶ ጽፎት ከሆነ አንድ መነኩሴ ከገዛ እምነቱ ጋር ያደረገውን ሙግት በራሱ ስም ሊናገር ስላልደፈረ የኢትዮጵያዊ ደብተራ ድምፅ ተውሷል ማለት ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ጽፎት ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገረ መለኮቶች በሰይፍ ሲፋጠጡ ያየ ኢትዮጵያዊ ሁለቱንም ወደ ልቦና ችሎት አቅርቧል ማለት ነው።

ዛሬስ?

ክርክሩ አላለቀም። በ2013 ፈረንሳዊቷ የታሪክ ምሁር አናይስ ቪዮን ተከታታይ ጥናት አውጥታ የጁስቶን ደራሲነት ደግፋለች። በሌላ ወገን እውቁ የግዕዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ (በ2021 ያረፉት) ቀድሞ ተጠራጣሪ ነበሩ፤ ኋላ ግን የሥራው መሠረት ኢትዮጵያዊ ነው ወደሚል አሳብ መጡ። ሐሳብን በእርጅና መለወጥ! በ2022 ኦክስፎርድ ላይ በዚሁ ጉዳይ ጉባኤ ተካሂዷል፤ በ2023 ራልፍ ሊ፣ መሓሪ ወርቁና ዌንዲ ቤልቸር ሁለቱን ሐተታዎች አዲስ በእንግሊዝኛ ተርጉመው አሳትመዋል።

እኛስ የት ቆመናል? ብታምኑም ባታምኑም ከመካከላችን ሁለት ወገን አለ። ልባችን ግን፣ አንዋሽ፣ ሁላችንም ዘንድ ወደ ዘርዓ ያዕቆብ ያደላል። የእኛ ቢሆን ደስ ይለናል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። "ሰው የወረሰውን ሁሉ ሳይመረምር አይቀበል" የሚልን መጽሐፍ፣ የወረስነው ነውና ሳንመረምር እንቀበለው ካልን መጽሐፉን ከማንም በላይ የካድነው እኛ ነን። ኮንቲ ሮሲኒ ቅኝ ገዢ አገር ያፈራችው ሰው ነው፣ ለአፍሪካዊ አእምሮ የነበረው ንቀትም ሊደበቅ አይችልም። ግን የሰውዬውን ንቀት መጥላት ማስረጃውን ከማንበብ ነፃ አያወጣንም። ሰምነር መልስ የሰጡት በማስረጃ ላይ ማስረጃ አምጥተው እንጂ ሰውዬውን ሰድበው አይደለም።

ደግሞስ የአገር ኩራት በአንዲት ክር ላይ ለምን ይንጠለጠላል? ሰምነር ራሳቸው ከግዕዝ መጻሕፍት በኋላ ወደ ቃል ጥበብ ዞረው ከ1995 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት አሳትመዋል። ማሰብ ብራና ላይ ብቻ እንደማይገኝ የገባቸው ቄስ ነበሩ። በ2012 ካረፉ ወዲህ ያንን መንገድ ወደ እኛ ተራሮች ያወጣው ሰው ግን ብዙ አላየንም።

ከኩልፎ ሽቅብ ወደ ጋሞ ደጋ የወጣ ሰው ዱቡሻን ያውቃል። ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሜዳ ነው። ስብሰባው በምርቃት ይከፈታል፤ ከዚያ ክርክር ነው። ተናጋሪው ተራውን ጠብቆ ይነሳል፣ ሌላው ይሰማል፤ እስኪስማሙ ድረስ ቢመሽም ይመሻል፤ በምርቃትም ይዘጋል። ምርቃቱ ክርክሩን አያስቀረውም፤ ክርክሩም ምርቃቱን አያረክሰውም። በመስከረም 2018፣ ቡራዩ ላይ የጋሞ ልጆች ከተገደሉ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣው ወጣት ለበቀል ሲነሳ ሽማግሌዎቻችን እርጥብ ሣር ይዘው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ወጣቱ ተመለሰ። ያንን ቀን ያየ ሰው እምነትና ልቦና አብረው ሲሠሩ ምን እንደሚመስሉ መጽሐፍ ሳይገልጥ ያውቃል።

እና ወደ ዶርማችን እንመለስ። ዛሬ ማታ አንዱ "ዘርዓ ያዕቆብ" ሲል ሌላው ደግሞ "ፈረንጅ ነው የጻፈው" ሲል ወሬው እዚያ ላይ አይቁም። "በምን አወቅህ?" በሉት። ለሁለቱም። ከዚያ ደግሞ መልሱን ለመስማት ዝም በሉ። ሱስንዮስ ያልቻለው፣ ሰምነር የቻሉት፣ የጋሞ ሽማግሌም ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ቸር እንሰንብት!